ከቅሪተ አካል እስከ ሕያው ወለድ ማዕድን፦ የአንድ ሳይንቲስት የምርምር ጉዞና የስያሜዎቻችን ጥያቄ

1. መግቢያ

የአንድ የሙያ ዘርፍ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ የውጭ ቃል አቻ ይፈለጋል፤ አቻው ሲገኝ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይህ አሠራር ለብዙ ቃላት ይበቃል። ይሁን እንጂ ስያሜው የተወለደበትን የምርምር ሂደት ሳያውቁ የሚደረግ ትርጉም፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይንስ የተወውን ብያኔ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ያቆየዋል። ጉዳቱ የሚደርሰውም መጽሐፉን በአማርኛ ብቻ በሚያነበው ተማሪ ላይ ነው፤ የውጭውን ጽሑፍ አመሳክሮ ስሕተቱን ሊያርም አይችልምና።

በዚህ ጽሑፍ ይህንን ችግር በአንድ ሰው የምርምር ሕይወት አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን። ሰውየው ሃይንዝ አዶልፍ ሎወንስታም ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በጂኦኬሚስትሪና በቅሪተ አካል ጥናት ድንበር ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የሁለቱን ዘርፎች ቃላት በአንድነት ለመመርመር ያመቻል። ሁለተኛ፣ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር አንድ ነባር ቃል ጠቧል ወይም ሰፍቷል፤ ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል መከተል የስያሜዎቹን ታሪክ መከተል ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የሁለቱ ዘርፎች ስም

አስቀድመን የዘርፎቹን ስሞች እንመልከት። ኬሚስትሪ የሚለው ቃል በትምህርት ቤቶቻችን ከሰረጸ ቆይቷል። ጂኦኬሚስትሪ ደግሞ መሬት በምን በምን ንጥረ ነገሮች እንደተሠራች፣ እነዚህም ንጥረ ነገሮች በዐለት፣ በውሃ፣ በአየርና በሕያዋን መካከል እንዴት እንደሚዘዋወሩ የሚያጠና ነው። ግማሹ አስቀድሞ የተዋስነው ቃል ስለሆነ፣ ሙሉውን ቃል እንዳለ መቀበልና ሲያስፈልግ «የምድር ኬሚስትሪ» ብሎ ማብራራት የሚሻል ይመስለናል።

የሁለተኛው ዘርፍ ስም ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ፓሊዮንቶሎጂን «ሥነ ጥንተ ሕይወት» ብሎ መተርጐም በቀላሉ ወደ አእምሮ ይመጣል። ነገር ግን «ጥንተ» የሚለው የግዕዝ ዘርፍ ያዥ ቃል በነባሩ የቤተ ክህነት አጠቃቀም የሚያመለክተው መነሻን፣ መጀመሪያን ነው፤ «ጥንተ ስቅለት» እና «ጥንተ ተፈጥሮ» የሚሉትን ማስታወስ ይበቃል። በዚህ ሥርዓት «ጥንተ ሕይወት» የሚለው ቃል የሕይወትን አጀማመር እንጂ በጥንት ዘመን የነበሩ ሕያዋንን አያመለክትም። የሕይወት አመጣጥ ጥናት ራሱን የቻለ ሌላ የሳይንስ ጥያቄ በመሆኑ፣ «ጥንተ»ን ለእርሱ ብናቆይለት ይበጃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለፓሊዮንቶሎጂ «ሥነ ቅሪተ አካል» የሚለውን፣ ለ«ፓሊዮ» ቅጥያ ደግሞ «ጥንታዊ» የሚለውን ቅጽል እንጠቀማለን።

3. ትምህርት፣ ስደትና የሪፍ ብያኔ

ሎወንስታም የተወለደው በ1912 በላይኛው ሲሌዢያ፣ ሲሚያኖቪትዝ በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድርና ሥነ ቅሪተ አካል አጠና፤ ለዶክትሬት ጽሑፉም ወደ ፍልስጥኤም ተጉዞ በናዝሬት አካባቢ የሚገኙትን ተራሮች የዐለት አሠራር መረመረ። ጥናቱን ይዞ ሲመለስ ግን የናዚ መንግሥት ሕግ ይሁዲዎች የዶክትሬት ማዕርግ እንዳይቀበሉ ስለከለከለ፣ የደከመበት ሥራ ያለ ፍሬ ቀረ። በ1937 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎት በ1939 ማዕርጉን ሰጠው።

ከዚያ በኋላ በኢሊኖይ ግዛት ሙዚየምና በግዛቱ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሲያገለግል፣ ትኩረቱን በሲሉሪያን ዘመን፣ ማለትም ከዛሬ 420 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ በተገነቡ ሪፎች ላይ አደረገ። አካባቢው ዛሬ ከባሕር እጅግ የራቀ ሜዳ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ሞቃት ባሕር ይሸፍነው ነበር። ከምድር ሥር በተቀበሩት ሪፎች ውስጥ ነዳጅ ዘይት የሚገኝ በመሆኑ፣ ጥናቱ ለኢኮኖሚም የሚጠቅም ነበር።

ለእኛ ግን እዚህ ላይ የሚያተኩረው የብያኔው ነገር ነው። ለመርከበኛ ሪፍ ማለት ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ መርከብን የሚሰብር ቋጥኝ ነው፤ ቋጥኙ ከምን እንደተሠራ መርከበኛውን አያሳስበውም። ሎወንስታም በ1950 ባሳተመው የታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ሪፎች ጥናት ግን መለያው ሌላ ሆነ፤ ይኸውም ሕያዋን ፍጥረታት ራሳቸው ማዕበልን የሚቋቋም ጠንካራ ግንብ የማቆም ችሎታ ያላቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ ሪፍን «የባሕር ውስጥ ቋጥኝ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የመርከበኛውን ትርጉም ያስተላልፋል፤ የሥነ ምድርን ትርጉም ግን ይስታል። «የኮራል ቋጥኝ» ማለትም አይበቃም፤ ብዙ ጥንታዊ ሪፎች ከኮራል ሌላ በሆኑ ፍጥረታት ጭምር ተገንብተዋልና። በእኛ አስተያየት ቃሉ «ሪፍ» ተብሎ ይወሰድ፤ ብያኔው ግን «ሕያዋን በባሕር ወለል ላይ የገነቡት፣ ማዕበልን የሚቋቋም የድንጋይ ግንብ» ይሁን።

4. ሙቀትና መጠነ ሙቀት

በ1948 ሎወንስታም ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ የጋበዘው ኬሚስቱ ሃሮልድ ዩሪ ነበር። ዩሪ ከባዱን ሃይድሮጅን በማግኘቱ የ1934ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች በኬሚካዊ ጠባያቸው ጥቂት እንደሚለያዩ፣ ይህም ልዩነት ጥንታዊ ባሕሮች ምን ያህል ይሞቁ እንደነበር ለማወቅ ሊያገለግል እንደሚችል አመልክቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦክስጂን አተሞች ሁሉ እኩል መጠነ ቁስ የላቸውም። አብዛኞቹ 16 ሲሆኑ፣ ከ500 አንዱ ያህል 18 ነው። አንድ የባሕር ፍጥረት ቅርፊቱን ከካልሲየም ካርቦኔት ሲሠራ ኦክስጂኑን ከውሃው ይወስዳል፤ ውሃው በቀዘቀዘ መጠን በቅርፊቱ ውስጥ የሚገባው የ18ቱ ድርሻ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ለእያንዳንዱ የሴልሺየስ ዲግሪ ከሺህ 0.2 ያህል ብቻ ነው። ይህን ለመለካት እጅግ ጥንቁቅ መሣሪያ አስፈለገ፤ መሣሪያውም፣ ማለትም ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ በቺካጎ ተሻሽሎ ተሠራ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የትኛው ቅርፊት ሊታመን እንደሚችል አይናገርም፤ ይህን የሚያውቅ የቅሪተ አካል ሊቅ ያስፈልግ ነበር፤ ሎወንስታምም የተጠራው ለዚህ ነበር።

በ1951 ዩሪ፣ ሎወንስታም፣ ሳሙኤል ኤፕስታይንና ቻርልስ ማኪኒ በእንግሊዝ፣ በዴንማርክና በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የነበረውን የላይኛው ክሬቴሽየስ ባሕር መጠነ ሙቀት የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ በጁራሲክ ዘመን ይኖር ስለነበረ አንድ ቤሌምናይት፣ ማለትም ከስኩዊድ ጋር የሚዛመድ የባሕር ፍጥረት የተሰጠው ዘገባ ታዋቂ ሆኗል። ቅርፊቱን እንደ ዛፍ ግንድ ከውስጥ ወደ ውጭ በንብርብር ፍቀው ሲለኩ፣ እንስሳው ከልጅነቱ በኋላ አራት ክረምትና ሦስት በጋ እንዳሳለፈ፣ አራት ዓመት ገደማ ኖሮም በጸደይ እንደሞተ ለማወቅ ቻሉ። በደቡብ ካሮላይና ከሚገኘው የፒዲ ምስርት ዐለት የተወሰደ ቤሌምናይትም የዓለም የማነጻጸሪያ መለኪያ ሆነ። ያ ናሙና ካለቀ በኋላ በቪየና የተወሰነ ተተኪ መለኪያ ስለወጣ፣ ተርጓሚ በድሮና በአዲስ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ተቀራራቢ ስሞች ሲያጋጥሙት አንዱን የሌላው ስሕተት አድርጎ መቍጠር የለበትም።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ግልጽ ችግር አለበት። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሙቀት» ለሁለት ነገር ይውላል፤ ከአንዱ ቁስ ወደ ሌላው ለሚተላለፈው ኃይልና፣ በቴርሞሜትር ለሚለካው ደረጃ። «የዛሬው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው» ስንል የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። በጭውውት ይህ ማንንም አያሳስትም። ነገር ግን የኦክስጂን አይሶቶፖች የሚናገሩት ባሕሩ ምን ያህል ኃይል እንደያዘ አይደለም፤ በየትኛው ዲግሪ ላይ እንደነበረ ነው። «የጥንታዊ ባሕር ሙቀት ተለካ» የሚል ዓረፍተ ነገር በፊዚክስ መምህር ዘንድ ስሕተት ነው። ለመጠነ ቁስ እንደተደረገው ሁሉ፣ «መጠነ ሙቀት» እንደ አንድ ጥምር ቃል ቢጸና፣ «ጥንታዊ መጠነ ሙቀት» የሚለው ስያሜ በቀላሉ ይከተላል። «የሙቀት መጠን» የሚለው ልቅ ሐረግ ግን «የኃይሉ ብዛት» ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ባይዘወተር እንመርጣለን።

5. ቅሪተ አካልና ድኅረ ክምችት ለውጥ

ሎወንስታም በ1952 ወደ ካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተዛወረ፤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜም መኖሪያው ፓሳዲና ሆነ። በዚያም አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ገጠመው፤ ቅርፊቱ ከተቀበረ በኋላ ኬሚካዊ ይዘቱ ተለውጦ ቢሆንስ? በደለል ውስጥ የሚዘዋወር ውሃ የቅርፊቱን ማዕድን ቀስ በቀስ አሟሙቶ በሌላ ሊተካው ይችላል። የውጭ ቅርጹ ሳይለወጥ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። እንዲህ ከሆነ በማስ ስፔክትሮሜትር የተነበበው ዲግሪ እንስሳው የኖረበት ባሕር ሳይሆን፣ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ በዐለቱ ውስጥ ያለፈው ውሃ ይሆናል።

ፈተናውን ለመወጣት በ1961 በብራኪዮፖዶች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ብራኪዮፖድ ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ፍጥረት ሲሆን ዛሬም አለ፤ ቅሪተ አካሉም እጅግ ብዙ ነው። ሎወንስታም የዛሬዎቹን ቅርፊት ማዕድን፣ የኦክስጂን አይሶቶፕ ምጥጥን፣ የስትሮንሺየምና የማግኒዚየም ይዘት ከቅሪተ አካሎቹ ጋር አነጻጸረ። በአራቱም መለኪያዎች ከዛሬዎቹ ጋር የሚስማማው ቅሪተ አካል እንዳልተለወጠ ሊታመን ይችላል፤ የማይስማማው ግን ይጣላል። በአገራችንም በትግራይና በዓባይ ሸለቆ በሚታየው፣ አንታሎ በተባለው የጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ብራኪዮፖዶች ስለሚገኙ፣ ስያሜው ለኢትዮጵያ ሥነ ምድርም የሚያስፈልግ ነው።

«ቅሪተ አካል» የሚለው ስያሜ ከ1974 የሐዳር ግኝት፣ ከድንቅነሽ ጋር በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ጥሩ ቃል ነው፤ ይተካ አንልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል። በአንድ በኩል የእግር ዱካም በሳይንሱ ቅሪተ አካል ነው፤ የአካል ቅሪት ባይሆንም። ለዚህ «ቅሪተ ዱካ» የሚል አጋዥ ስያሜ ቢጨመር ይጠቅማል። በሌላ በኩል «ቅሪት» ሲባል የቀደመው ነገር እንዳለ የቀረ ያስመስላል፤ የሎወንስታም ሥራ የሚያስተምረው ግን ቅርጹ የቀረው ሁሉ ቁሱ ያልቀረ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዳያጄኔሲስ ለተባለው ሂደት ግልጽ ስያሜ ያስፈልጋል። «መበስበስ» አይሆንም፤ እርሱ ሥጋን ይመለከታል። «ድንጋይነት» ወይም «ወደ ድንጋይነት መለወጥ»ም አይሆንም፤ ቅርፊቱ በሕይወት ሳለ ራሱ ከማዕድን የተሠራ ነበርና። «ድኅረ ክምችት ለውጥ» የሚለው ጥምር ቃል መቼ እንደደረሰም፣ ምን እንደሆነም ስለሚናገር የተሻለ ነው፤ «ድኅረ» የሚለው ዘርፍም «ድኅረ ምረቃ» በሚለው ቃል ስለተለመደ እንግዳ አይሆንም።

ይህ ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። በ2013 ከሐዳርና ከዲኪካ በተገኙ የአውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ ጥርሶች ላይ በተደረገ የካርቦን አይሶቶፕ ጥናት፣ እነዚህ ጥንታዊ ፍጥረታት ከዛፍ ፍሬና ቅጠል አልፈው ከሣር ወገን የሚገኝ ምግብም ይመገቡ እንደነበር ታውቋል። ናሙናው የተወሰደው ከጥርሱ ውጫዊ ልባጥ፣ ከኢናሜሉ ነው፤ ምክንያቱም ኢናሜል ድኅረ ክምችት ለውጥን ከአጥንት ይበልጥ ይቋቋማል። ይህንን የሚያብራራ የአማርኛ ጽሑፍ ለሂደቱ ስም ከሌለው፣ አጥንቱ እያለ ጥርሱ ለምን እንደተመረጠ ለአንባቢው ማስረዳት አይችልም።

6. የኪቶን ጥርስና የማዕድን ብያኔ

የሎወንስታም ስም በይበልጥ የታወቀው በ1962 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው። ጉዳዩ ኪቶን የተባለ፣ ጀርባው በስምንት ሳሕን መሰል ቅርፊቶች የተሸፈነና በባሕር ዳር ዐለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር ፍጥረት ነው። ስሙ የግሪክ ሲሆን ቀሚስ ማለት ነው፤ ሊቃውንት ከሴማዊው ሥርወ ቃል፣ ከግዕዙም «ክታን» ጋር ያዛምዱታል፤ ስለዚህ እንደ እንግሊዝኛው አነባበብ «ካይተን» ከማለት ይልቅ «ኪቶን» ብሎ መጻፍ ለእኛ ይቀርባል። ኪቶን ምግቡን የሚያገኘው ጥርስ በተደረደረበት ምላሱ ዐለቱን እየፋቀ ነው። የኖራ ድንጋይን ሳይሰበር የሚፍቅ ጥርስ ከምን ተሠራ? የሎወንስታም መልስ፦ የጥርሱ ቆብ ማግኔታይት ነው። ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ማለት ነው።

ግኝቱ ያስገረመው በዚያን ጊዜ ማግኔታይት በከፍተኛ መጠነ ሙቀት፣ በመሬት ውስጥ በሚቀልጡ ወይም በሚለወጡ ዐለቶች ብቻ የሚፈጠር ተደርጎ ይታሰብ ስለነበር ነው። እነሆ ደግሞ በቀዝቃዛ ባሕር ዳር በአንድ ትንሽ እንስሳ አፍ ውስጥ ተገኘ። ኋላም ከኬኔት ታው ጋር በ1967 ባሳተመው ጥናት ሂደቱ በዝርዝር ታየ። በምላሱ ላይ በተከታታይ የተደረደሩት ጥርሶች የሥራውን ደረጃዎች ያሳያሉ፤ በስተኋላ ያሉት ቀለም አልባ ናቸው፤ ቀጥለው ያሉት ቀይ ቡናማ የብረት ማዕድን ይይዛሉ፤ ወደፊት ያሉት ደግሞ በማግኔታይት ጠቁረዋል። በ1970ዎቹ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በመሬት ማግኔታዊ ኃይል እየተመሩ ሲዋኙ ተገኙ፤ በውስጣቸውም ማግኔታይት መኖሩ ታወቀ።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላት እንመለስ። «ማዕድን» የሚለው ቃል በቀድሞው የትምህርት መጻሕፍት ዘይቤ «በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ሕይወት አልባ በሆነ መንገድ የተፈጠረ ጠጣር» ተብሎ ሊበየን ይችላል። በዚህ ብያኔ የኪቶን ጥርስ ማግኔታይት ማዕድን አይደለም፤ የዶሮ እንቍላል ቅርፊት ካልሳይትም አይደለም። ሆኖም በራጅ ሲመረመር ከዐለቱ ማዕድን ጋር አንድ ዓይነት የአተም አደራደር አለው። ሎወንስታም በ1955 በአልጋዎች ውስጥ የአራጎናይት መርፌዎች እንደሚሠሩ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚከማቸው ነጭ ጭቃም ከእነዚህ ሊመጣ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። እንግዲህ አንዱ መርፌ «ማዕድን»፣ ሌላው «ያልሆነ» ብንል በአንድ እፍኝ ጭቃ ውስጥ ሁለት ስም እንሰጣለን። በእኛ አስተያየት ብያኔው በቁሱ ይዘትና በአተሞቹ አደራደር ላይ ይቁም፤ አመጣጡ ለብቻው በቅጽል ይገለጽ። ለዚህ አገልግሎት «ውሃ ወለድ በሽታ» በሚለው አነጋገር የለመድነው «ወለድ» አመቺ ነው፤ «ሕያው ወለድ ማዕድን» እንበል።

7. ሰበብና መሪነት

ባዮሚነራላይዜሽን ለተባለው ሂደት ሦስት አማራጮችን መዝነናል። «ማዕድን ፍጠራ» አጭር ነው፤ ነገር ግን «ፍጠራ» በአማርኛ የልብ ወለድና የሐሰት ጥላ አለበት። «ማዕድናዊነት» ሂደትን ሳይሆን ባሕርይን ይናገራል። «ሕይወታዊ ማዕድን ግንባታ» ረዘም ቢልም ሂደት መሆኑን ይገልጻል።

ግን «ግንባታ» ለሁሉም ይሠራልን? ሎወንስታም በ1981 በሳይንስ መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ ሕያዋን የሚያስገኟቸውን ማዕድናት በሁለት ከፈለ። በአንደኛው ወገን ፍጥረቱ የሚያወጣው ጋዝ ወይም ሌላ ውህድ በአካባቢው ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ ማዕድኑ ይዘቅጣል፤ ፍጥረቱ ምክንያት ነው እንጂ ቅርጹን አይወስንም። በሁለተኛው ወገን ፍጥረቱ አስቀድሞ ከፕሮቲንና ከመሳሰሉት ማዕቀፍ ይሠራል፤ ማዕድኑም በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ቅርጽ ያድጋል። የኪቶን ጥርስና የእኛ አጥንት ከዚህኛው ናቸው። እንግዲህ «ግንባታ» በሚገባ የሚስማማው ለሁለተኛው ነው። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያውን «በሕያው ሰበብ የሚሆን»፣ ሁለተኛውን «በሕያው መሪነት የሚሆን» ብንል አማርኛው በራሱ ጉልበት ይናገራል። ሰበብ የሆነ ሁሉ መሪ አይደለምና።

ሎወንስታም ይህን የሕይወት ዘመን ሥራውን ከስቲቨን ዋይነር ጋር በ1989 በመጽሐፍ መልክ አቀረበ፤ በዚያም ወደ 60 የሚጠጉ ሕያው ወለድ ማዕድናት ተዘርዝረዋል። በ1993 በሞት ተለየ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተው ጉዞ ለስያሜ ሥራ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ብያኔ ከስያሜ ይቅደም፤ የሪፍና የማዕድን ጉዳይ እንደሚያሳየው ቃሉ ሳይለወጥ ብያኔው ይለወጣልና። ሁለተኛ፣ ነባር የግዕዝ ዘርፎችን ስንጠቀም የቀደመ ትርጉማቸውን እንጠብቅ። ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ሥነ ቅሪተ አካል፦ በጥንት ዘመን የነበሩ ሕያዋንን በቅሪታቸውና በዱካቸው የሚያጠና ዘርፍ።

ለ) ቅሪተ ዱካ፦ የአካል ክፍል ሳይሆን የሕያው እንቅስቃሴ ምልክት የሆነ ቅሪት።

ሐ) ሪፍ፦ ሕያዋን በባሕር ወለል ላይ የገነቡት፣ ማዕበልን የሚቋቋም የድንጋይ ግንብ።

መ) ጥንታዊ መጠነ ሙቀት፦ ባለፈ የምድር ዘመን የነበረ፣ ከቅሪት ኬሚካዊ ይዘት የሚሰላ የሙቀት ደረጃ።

ሠ) ድኅረ ክምችት ለውጥ፦ ደለል ወይም ቅሪት ከተከማቸ በኋላ በማዕድኑና በኬሚካዊ ይዘቱ ላይ የሚደርስ ለውጥ።

ረ) ሕያው ወለድ ማዕድን፦ በሕያው ሰበብ ወይም በሕያው መሪነት የተገኘ ማዕድን።

ሰ) ሕይወታዊ ማዕድን ግንባታ፦ ሕያው ፍጥረት በራሱ ማዕቀፍ ውስጥ ማዕድንን በተወሰነ ቅርጽ የሚያሳድግበት ሂደት።

ከእነዚህ ውስጥ በመስክና በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ባለሙያዎች የተሻለ ቃል ካላቸው፣ ወይም የገጠሩ ሕዝብ ለዐለት፣ ለደለልና ለቅርፊት ዓይነቶች የሚጠቀምባቸው እኛ ያልደረስንባቸው ስሞች ካሉ፣ እነዚያ ከእኛ ጥምር ቃላት ይቀድማሉ። ስያሜ የሚጸናው በዝርዝር ስለገባ አይደለም፤ ሲያስተምሩበት የሚያስተምር ሆኖ ሲገኝ ነው።